ቁልፍ፣ እንቅልፍ፣ መቀስቀስ፦ የአንባቢያን የፕሮግራሚንግ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የትሬዶችን (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ የሥራ መስመሮችን) ሥራ የሚያስተባብር ላይብረሪ ከሥር ጀምሮ በራስ መሥራት። ቁልፉን፣ ማለትም ሁለት ትሬዶች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግደውን፣ መጻፍ ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው አንድ ትሬድ «ልተኛ» ብሎ ከወሰነበት እስከሚተኛበት ያለችው ቅጽበት ናት፤ አብዛኛው የዚህ ሙያ ጥፋት የሚደበቀው እዚያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍኩት ስፒን ሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ እየተሽከረከረ የሚጠብቅበት ቁልፍ) 8 ኮር ባለው ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ እስከ 8 ትሬድ ድረስ ጥሩ ይሠራል። ትሬዶቹን 16 ሳደርጋቸው ግን ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል፤ ማሽኑም በሙሉ ይከብዳል። በየዙሩ ሼድ ይልድ (ኮሩን ለሌላ የሚለቅ ጥሪ) ብጨምርበትም አልተሻለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስፒን ሎክ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ደህና የሚሠራው ከርነሉ ቁልፍ የያዘውን ሥራ ማንም መሃል ላይ እንዳያነሣው ማገድ ስለሚችል ነው። ተራ ፕሮግራም ይህ ሥልጣን የለውም። 16 ትሬዶች 8 ኮር ሲሻሙ ስኬጁለሩ (ኮሮቹን ለትሬዶች የሚያከፋፍለው የከርነሉ ክፍል) ቁልፍ የያዘውን ትሬድ ከኮሩ ላይ ያነሣዋል፤ በቦታው የሚገባው ያንኑ ቁልፍ የሚጠብቅ ከሆነ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ ሲሽከረከር ይጨርሰዋል። ሼድ ይልድ የማያድነው ስኬጁለሩ እርስዎ ማንን እንደሚጠብቁ ስለማያውቅ ነው። «ሌላ ይግባ» ሲሉት የሚያስገባው ሌላ ተሽከርካሪ ሊሆን ይችላል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2020 መጀመሪያ ላይ በተራ ፕሮግራም ውስጥ ስፒን ሎክ መጻፍን አጥብቆ የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። በማክ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ትሬድ እየተሽከረከረ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለውን ባለቁልፍ ኮር ሊያሳጣው ይችላል። አፕል የራሱን ኦኤስ ስፒን ሎክ በ2016 በማክኦኤስ 10.12 ጡረታ አውጥቶ በኦኤስ አንፌር ሎክ የተካው ለዚህ ነው።

እርስዎ የሚፈልጉት ፊውቴክስ ነው። በሊኑክስ 2.6 (2003) ወደ መደበኛው ከርነል የገባ፣ ትሬድን በአንድ አድራሻ ላይ የሚያስተኛና የሚቀሰቅስ ሲስተም ኮል (ለከርነሉ የሚቀርብ ጥሪ) ሲሆን፣ የሚሠራው በ32 ቢት ኢንቲጀር ላይ ነው። ማሽኑ 64 ቢት ቢሆንም ኢንቲጀሩ 4 ባይት ነው፤ አድራሻውም ለ4 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ጂሊብሲ (የሊኑክሱ የሲ ላይብረሪ) የራሱ ፈንክሽን ስላላዘጋጀለት በሲስኮል በኩል በቁጥር ይጠሩታል፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ላይ ቁጥሩ 202 ነው።

ለቁልፉ ሦስት ሁኔታ ይስጡት፤ 0 ነጻ፣ 1 የተያዘና ጠባቂ የሌለው፣ 2 የተያዘና ጠባቂ ሊኖረው የሚችል። ለመያዝ መጀመሪያ በኮምፔር ኤንድ ስዋፕ (ዋጋው የጠበቁት ከሆነ ብቻ፣ ማንም መሃል ሳይገባ፣ በሚቀይረው ትእዛዝ) 0ን ወደ 1 ለመቀየር ይሞክሩ። ከተሳካ አለቀ፤ ከርነሉ መኖርዎንም አላወቀም። ካልተሳካ ወደ ዙሩ ይግቡ፤ በአቶሚክ ኤክስቼንጅ (ማንም መሃል በማይገባበት ልውውጥ) 2 ያስገቡና ቀድሞ የነበረውን ዋጋ ይመልከቱ። 0 ከነበረ ቁልፉ የእርስዎ ነው። ካልነበረ «ዋጋው አሁንም 2 ከሆነ አስተኛኝ» ብለው ፊውቴክስ ዌይት ይጥሩ፤ ሲነቁ ከኤክስቼንጁ ይጀምሩ። ለመልቀቅ በኤክስቼንጅ 0 ያስገቡና ቀድሞ የነበረው 2 ከሆነ ብቻ በፊውቴክስ ዌክ 1 ትሬድ ይቀስቅሱ። ሲይዙ አኳየር (ከእሱ በኋላ ያለው እንዳይቀድመው)፣ ሲለቁ ሪሊዝ (ከእሱ በፊት ያለው እንዳይዘገይበት) የሜሞሪ ቅደም ተከተል ይበቃል።

ብዙ ኮድ የሚሰበርባት ነጥብ ይህች ናት፤ ከእንቅልፍ የነቃው ትሬድ ቁልፉን ሲይዝ 1 ሳይሆን 2 ነው ማስገባት ያለበት። 1 ቢያስገባ የሚሆነውን ይከተሉ። ሀ ቁልፉን ይዟል፤ ለ እና ሐ ተኝተዋል። ሀ ለቀቀና ለን ቀሰቀሰ። ለ 1 አስገብቶ ያዘ። ለ ሲለቅ የሚያየው 1 ስለሆነ ማንንም አይቀሰቅስም፤ ሐ እስከ ዘላለሙ ተኝቶ ይቀራል። 2 ማስገባት አልፎ አልፎ ሰሚ የሌለው አንድ ትርፍ ዌክ ያስጠራል፤ ይህ ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው።

መሽከርከርን ጨርሰው አይጣሉት። ከመተኛትዎ በፊት ዋጋው 1 እስከሆነ ድረስ ብቻ እስከ 100 ዙር እያነበቡ ይጠብቁ፤ ዋጋው 2 ከሆነ ሌሎች ተኝተዋልና ወዲያው ወደ እንቅልፍ ይሂዱ። በዙሩ ውስጥ ኮምፔር ኤንድ ስዋፕን ደጋግመው አይሞክሩ፤ ተራ ንባብ ብቻ ያድርጉ። እያንዳንዱ ሙከራ ካሽ ላይኑን (ኮሮች ሜሞሪን የሚቀባበሉበትን ቁራጭ) ከባለቁልፉ ኮር እየነጠቀ መልቀቁን ራሱን ያዘገየዋል። ፕሮሰሰሩን ለአፍታ የሚያሳርፈውን የፖዝ ትእዛዝም ይጨምሩ፤ ዋጋው ግን በሁሉም ፕሮሰሰር እኩል እንዳልሆነ ይወቁ። ከስካይሌክ በፊት በነበሩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 10 ሳይክል ገደማ ይወስድ ነበር፤ ከስካይሌክ ወዲህ እስከ 140 ሳይክል ደርሷል። በ3 ጊጋኸርዝ 100 ዙር በአሮጌው 0.3 ማይክሮሰከንድ ያህል ሲሆን በአዲሱ ወደ 5 ማይክሮሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ ዙሩን በፕሮሰሰሩ ላይ ለክተው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ አንድ ትሬድ ሥራ ከወረፋ ያወጣል፤ ወረፋው ባዶ ከሆነ ይተኛል። ሌላው ሥራ ሲያስገባ ይቀሰቅሰዋል። ለሰዓታት በደንብ ይሠራና አንድ ቀን ወረፋው ውስጥ ሥራ እያለ ሁሉም ተኝተው አገኛቸዋለሁ። አሁን በየ100 ሚሊሰከንዱ እንዲነቁ አድርጌ ችግሩን አልፌዋለሁ፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ በሽታው አለ፤ የሸፈኑት ምልክቱን ነው። የኮዱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው ወረፋውን ያያል፣ ባዶ ነው፣ ሊተኛ ይነሣል። በዚህች ክፍተት ሌላው ሥራ ያስገባና ይቀሰቅሳል፤ የተኛ ሰው ግን ገና የለም፣ ጥሪው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሠራተኛው ይተኛል። ክፍተቷ ናኖሰከንዶች ስለሆነች በሙከራ ጊዜ አትታይም፤ ፕሮግራሙ በቆየ ቁጥር ግን መምጣቷ አይቀርም።

ፊውቴክስ ዌይት «ይህ ዋጋ ካለ» የሚል ግቤት የሚቀበለው ለዚህች ክፍተት ነው። ከርነሉ የአድራሻውን ወረፋ ራሱ ቆልፎ ዋጋውን ያነባል፤ እርስዎ ከሰጡት ከተለየ ሳያስተኛ ኢ አጌይን ብሎ ይመልሳል። ቀስቃሹም ያንኑ የከርነል ወረፋ ስለሚቆልፍ በማየትና በመተኛት መካከል የሚሾልክ የለም። ይህ ዋስትና የሚሠራው ግን የሰጡት ዋጋ ከክፍተቷ በፊት የተነበበ ከሆነ ብቻ ነው።

ኮንዲሽን ቫሪያብል (አንድ ሁኔታ እስኪሟላ ተኝቶ መጠበቂያ) በዚህ ላይ ሲሠሩ አንድ ባለ 32 ቢት የዙር ቆጣሪ ይበቃዎታል። የሚጠብቀው ትሬድ ሚውቴክሱን (ከላይ እንደሠራነው ያለውን ቁልፍ) እንደያዘ ቆጣሪውን ያነባል፣ ሚውቴክሱን ይለቃል፣ ባነበበው ቁጥር ፊውቴክስ ዌይት ይጠራል፣ ሲነቃ ሚውቴክሱን መልሶ ይይዛል። የሚቀሰቅሰው ቆጣሪውን በ1 ያሳድግና ለአንድ ሰው 1፣ ለሁሉም ትልቁን ኢንቲጀር ሰጥቶ ዌክ ይጠራል። ቆጣሪውን ሚውቴክሱን ከለቀቁ በኋላ ካነበቡት ክፍተቷን መልሰው ከፈቷት ማለት ነው፤ በሰው ኮድ ውስጥ በዚህ መልክ የተሰበረ ኮንዲሽን ቫሪያብል ደጋግመው ያገኛሉ። ቆጣሪው በትክክል 4,294,967,296 ጊዜ ዞሮ ያው ቁጥር ላይ ቢመለስስ? በንድፈ ሐሳብ ጥሪ ይባክናል፤ በአንድ ንባብና በአንድ ሲስተም ኮል መካከል ያን ያህል ጥሪ ስለማይደረግ ብዙ ላይብረሪዎች ተቀብለውት ይኖራሉ።

አራት ነገሮች ይጨምሩ። ኢ አጌይንም ሆነ ሲግናል ሲያቋርጥዎት የሚመጣው ኢ ኢንተር ስሕተት አይደሉም፤ ሁኔታውን ዳግም የማየት ጥሪ ናቸው። ያለ ምክንያት መንቃትም ስላለ ሁኔታውን የሚያዩት በኢፍ ሳይሆን በዋይል ይሁን። የፊውቴክስ ዌይት የጊዜ ገደብ ካሁን ጀምሮ የሚቆጠር ስለሆነ በሲግናል ተቋርጠው በዚያው ገደብ ዳግም ቢጠሩት ጥበቃው ይረዝማል፤ ገደቡን እንደ ቁርጥ ሰዓት የሚወስደውን ፊውቴክስ ዌይት ቢትሴት 32ቱንም ቢት 1 አድርገው ይጠቀሙ። በመጨረሻም ቁልፉ ከአንድ ፕሮሰስ የማይወጣ ከሆነ የፕራይቬት ምልክቱን (ዋጋው 128 ነው) ይደምሩበት፤ የከርነሉን ሥራ ያቀልላል። ዌይቱ ላይ ደምረው ዌኩ ላይ ከረሱት ግን ሁለቱ በከርነሉ ዘንድ አይገናኙም፤ ቀስቃሹ ዜሮ ሰው ቀሰቀስኩ ይልዎታል፣ የተኛውም አይነሣም። የመቶ ሚሊሰከንዱን መንቂያ ያንሡት፤ እሱ እስካለ ድረስ ጥገናው መሥራቱን ማወቅ አይችሉም።

ጥያቄ፦ ያው ኮድ በኢንቴል ላፕቶፔ ላይ ለወራት ሮጦ ምንም አልሆነም። ኤም ተከታታይ ፕሮሰሰር ባለው ማክ ላይ ግን የተበላሸ ዳታ ያነባል። ዳታውን ከጻፍኩ በኋላ ነው «ዝግጁ» የሚለውን ቮላታይል (ኮምፓይለሩ ንባቡንና መጻፉን እንዳይዘል የሚያዝ ቃል) ምልክት 1 የማደርገው። ማክ ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ትእዛዞችን የሚያፈራርቁት በአንድ መልክ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ለሌሎች ኮሮች ሳይታይ ከእሱ በኋላ ያለ ንባብ ከሌላ አድራሻ ሊፈጸም ይችላል። መጻፍ ከመጻፍ፣ ንባብ ከንባብ አይቀዳደሙም። አርም ይህን ቃል አልገባም፤ አፕል ከ2020 መጨረሻ ከኤም 1 ጀምሮ ማክ ላይ የሚያስገባው ፕሮሰሰር አርም ነው። እዚያ ምልክትዎ 1 ሆኖ ሲታይ ዳታው ገና ላይታይ ይችላል፤ አንባቢውም ዳታውን ከምልክቱ አስቀድሞ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ማሰር አለብዎ፤ ምልክቱን አቶሚክ አድርገው ሲጽፉ በሪሊዝ፣ ሲያነቡ በአኳየር። በአንዱ ወገን ብቻ ቢያስሩ ግማሽ ጥገና ነው፤ ግማሹም ዋጋ የለውም።

ቮላታይል ለትሬድ የተሠራ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው አንዳንድ ቦታ ስለሚሠራለት ነው፦ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ለኢንቴል ሲያዘጋጅ ቮላታይልን እንደ አኳየርና ሪሊዝ ይቆጥረዋል፤ ለአርም ሲያዘጋጅ ግን በነባሪው አይቆጥርም። ሌላም ወጥመድ አለ። ለኢንቴል የተዘጋጀውን ፕሮግራም በማኩ ላይ በሮዜታ (የኢንቴል ፕሮግራምን ለአርም በሚተረጉመው የአፕል ፕሮግራም) በኩል ቢያስኬዱት ስሕተቱ ይጠፋል፤ የአፕል ፕሮሰሰር ለሮዜታ ሲል የኢንቴልን ቅደም ተከተል የሚያከብር ልዩ አሠራር አለው። ለአርም ኮምፓይል ካላደረጉ በማክ ሞከርኩት አይበሉ።

ኢንቴል ላይም የሚሰብር አንድ ቅርጽ አለ፤ ከእንቅልፍ ጋር ስለሚመጣ ቀስ ብለን እንየው። ቀስቃሹ በየሥራው ዌክ እንዳይጠራ ብለው የተኙትን የሚቆጥር ቁጥር ያስቀምጣሉ። ሠራተኛው «እኔ ልተኛ ነው» ብሎ ቁጥሩን ያሳድግና ወረፋውን ዳግም ያያል። አስገቢው ሥራውን ይጽፍና ቁጥሩን ያያል፤ ዜሮ ከሆነ አይቀሰቅስም። እያንዳንዱ ወገን ይጽፋል፣ ከዚያ የሌላውን ያነባል። የአስገቢው ጽሑፍ በኮሩ የመጻፊያ ወረፋ ውስጥ እንደቆመ ንባቡ ቀድሞ ከተፈጸመ፣ አስገቢው ዜሮ ያያል፣ ሠራተኛውም ባዶ ወረፋ ያያል። ሥራ አለ፣ ሁሉም ተኝቷል። እዚህ አኳየርና ሪሊዝ አይበቁም። በሁለቱም ወገን በመጻፍና በማንበብ መካከል የሲኩዌንሻሊ ኮንሲስተንት አጥር (መጻፉ ለሌሎች ሳይታይ ንባቡ እንዳይፈጸም የሚያግድ ትእዛዝ) ያስፈልጋል፤ አለዚያ አራቱንም ሥራዎች በዚያው ደረጃ ይጻፉ። ኢንቴል ላይ ቁጥሩን በአቶሚክ መደመር የሚያሳድገው ሠራተኛ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሙሉ አጥር ያገኛል፤ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ በተራ ጽሑፍ ሥራ የሚያስገባው ወገን ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ላይብረሪዬ በዊንዶውስና በማክም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ፊውቴክስን የሚተካ አለ? ወይስ ከሲስተሙ ሚውቴክስ ጋር ልቅር?

መልስ፦ አለ፤ በሦስቱም ሐሳቡ አንድ ነው። ዊንዶውስ ከዊንዶውስ 8 (2012) ጀምሮ ዌይት ኦን አድሬስ፣ ዌክ ባይ አድሬስ ሲንግልና ዌክ ባይ አድሬስ ኦል አሉት። 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ባይት ይቀበላል፤ የሚነጻጸረውን ዋጋ በቁጥሩ ሳይሆን በፖይንተሩ ነው የሚሰጡት። ፕሮግራሙን ሊንክ ሲያደርጉ ሲንክሮናይዜሽን የተባለውን ላይብረሪ ካልጨመሩ «ስሙን አላገኘሁም» የሚል ስሕተት ይመጣል። የሚሠራው በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ ነው። ማክኦኤስ ከ14.4 (2024) ጀምሮ ኦኤስ ሲንክ ዌይት ኦን አድሬስ የሚባል ይፋዊ ፈንክሽን አለው፤ 4 ወይም 8 ባይት ይወስዳል። ከዚያ በፊት የነበሩት የዩሎክ ጥሪዎች ይፋዊ አይደሉም፤ በአፕ ስቶር የሚያወጡት ሥራ ከሆነ አይንኳቸው። ለአሮጌ ማክ ለቁልፉ ኦኤስ አንፌር ሎክን፣ ለመጠበቁ የፒትሬድን ኮንዲሽን ቫሪያብል ይጠቀሙ። አንፌር ሎክ ጥብቅ ነው፤ ያልያዘው ትሬድ ሊለቀው ቢሞክር ወይም የያዘው ዳግም ሊይዘው ቢሞክር ፕሮግራሙን እዚያው ያቆመዋል። ይህን እንደ ውለታ ይቁጠሩት።

ከሥር ሦስት ፈንክሽን ብቻ ይኑርዎት፤ ጠብቅ፣ አንዱን ቀስቅስ፣ ሁሉንም ቀስቅስ። «ጠብቅ» የሚመልሰው «ጊዜው አለቀ» ወይም «ዳግም እይ» ብቻ ይሁን። ዋጋው ሲለይ ሊኑክስ ስሕተት ይመልሳል፤ ዊንዶውስ ግን ተሳክቷል ብሎ ወዲያው ይመለሳል። ልዩነቱን ወደ ላይኛው ኮድ ካሳለፉት በየቦታው ኢፍ ይበዛብዎታል።

ከሲስተሙ ሚውቴክስ ጋር ልቅር ወይ ላሉት፣ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ምክንያትዎ አዎ፣ ይቅሩ። የሊኑክሱ የፒትሬድ ሚውቴክስ ራሱ በፊውቴክስ የተሠራ ነው፤ የዊንዶውሱ ኤስአርደብልዩ ሎክም ከቪስታ ጀምሮ አንድ ፖይንተር ብቻ የሚያህል ፈጣን ቁልፍ ነው። የራስዎን መሥራት የሚያዋጣው መጠን ሲያስጨንቅዎ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ሊኑክስ የፒትሬድ ሚውቴክስ 40 ባይት ነው፣ የእርስዎ 4። በሚሊዮን ነገሮች ላይ አንድ አንድ ቁልፍ ማኖር ካለብዎ 40 ሜጋባይቱ ወደ 4 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ያለ ቁልፍ የሚሠራ ስታክ በኮምፔር ኤንድ ስዋፕ ጻፍኩ። በብዙ ትሬድ ሳስጨንቀው አልፎ አልፎ ይወድቃል። አቶሚክ ከሆነ ለምን?

መልስ፦ ኮምፔር ኤንድ ስዋፕ የሚያረጋግጠው ዋጋው ያው መሆኑን ነው፤ በመካከሉ አለመለወጡን አያረጋግጥም። አንደኛው ትሬድ ሊያወጣ ራስጌው ሀ መሆኑን፣ ቀጣዩም ለ መሆኑን ያነባል፣ ከዚያ ስኬጁለሩ ያነሣዋል። ሌላው ሀን ያወጣል፣ ለን ያወጣል፣ ለን ወደ ሜሞሪ ይመልሳል፣ ሀን መልሶ ያስገባል። የመጀመሪያው ሲመለስ ራስጌው ሀ ነውና ልውውጡ ይሳካለታል፤ ራስጌው አሁን የሚያመለክተው የተጣለውን ለን ነው። ይህ የኤቢኤ ችግር የሚባለው ነው።

የተለመደው መድኃኒት ከፖይንተሩ ጎን የሚጨምር ቆጣሪ ማስቀመጥ ነው። በ64 ቢት ይህ 16 ባይት ይሆናልና ኢንቴል ላይ ኮምፔር ኤክስቼንጅ 16 ቢ የሚባለው ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ አድራሻው ለ16 ካልተካፈለ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ጂሲሲም 16 ባይቱን በቀጥታ በትእዛዙ ከመተካት ይልቅ ወደ ሊብአቶሚክ ይልከዋል። ይህን ሁሉ ለመሸሽ እንዲህ እንዲያደርጉ እንመክራለን፤ ኖዶቹን አስቀድመው በአንድ አሬይ ያዘጋጁ፣ በፖይንተር ፈንታ ባለ 32 ቢት ተራ ቁጥር ይጠቀሙ፣ የቀረውን 32 ቢት ለቆጣሪው ይስጡ። ሁሉም በተራ 64 ቢት ልውውጥ ያልቃል፤ በኢንቴልም በአርምም ይሠራል። ኖዶቹ ወደ ሲስተሙ ስለማይመለሱ ሁለተኛው አደጋም ይወገዳል። ያም ሌላው የጣለውን የሀን «ቀጣይ» ማንበብ ነው፤ ቆጣሪው ብቻውን ከዚህ አያድንም። ኖዶች የግድ መጣል ካለባቸው ሃዛርድ ፖይንተር (ሌላው እያነበበው ያለ ኖድ እንዳይጣል የሚጠብቅ ምልክት) ያስፈልግዎታል፤ ከላይ ያየነው የመጻፍና የማንበብ አጥር እዚያም አለ። ስታኩ በሰከንድ ጥቂት ሺህ ጊዜ ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን ባለ 4 ባይቱ ቁልፍ ይበልጣል፤ የሚያነብልዎ ሰውም ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ለ8 ትሬድ 8 የተለያዩ ቆጣሪዎች ሰጠሁ። ማንም የማንንም አይነካም፣ ግን ከአንድ ትሬድ ይልቅ ቀርፋፋ ሆነ።

መልስ፦ 8 ባይት ያላቸው 8 ቆጣሪዎች 64 ባይት ናቸው፤ በኢንቴል አንድ ካሽ ላይን ውስጥ ልክ ይገባሉ። ሃርድዌሩ የሚያየው ላይኑን እንጂ ቆጣሪውን ስላልሆነ ኮሮቹ ይነጣጠቁታል። እያንዳንዱን ወደ 128 ባይት ያስፉት፤ የአፕል ፕሮሰሰር ላይን 128 ባይት ነው፣ ኢንቴልም ጎረቤት ላይኑን አብሮ ስለሚያመጣ 64 አንዳንዴ አይበቃም። ማሎክ ይህን አሰላለፍ አይጠብቅልዎትምና የተሰለፈ ሜሞሪ የሚሰጠውን ጥሪ ይጠቀሙ። ሊኑክስ ላይ ፐርፍ ሲ2ሲ የትኛው ላይን እንደሚነጠቅ ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ ስሊፕን በ1 ስጠራው ወደ 15 ሚሊሰከንድ ይተኛል። ለምን?

መልስ፦ የዊንዶውስ ነባሪ የሰዓት ምት በሰከንድ 64 ነው፤ ማለትም 15.625 ሚሊሰከንድ። ታይም ቢጊን ፔሪየድን በ1 ቢጠሩ ይጠባል፤ ባትሪ ግን ይበላል። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ጀምሮ ከፍተኛ ጥራት ያለው ዌይተብል ታይመር አለ፤ እሱ ይሻላል። አንድ ነገር መድረሱን ለማየት ብለው ከሆነ የሚተኙት ስሊፑን ጥለው በአድራሻ ላይ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ላይብረሪዬ ትክክል መሆኑን በምን ልመርምር? ደግሞስ ሲሰቀል (ሳይወድቅ ቆሞ ሲቀር) ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ በትሬድ ሳኒታይዘር (ትሬዶች ያለ ጥበቃ አንድ ዳታ ሲነኩ የሚይዝ መርማሪ)። በጂሲሲና በክላንግ በሊኑክስና በማክ ይገኛል፤ ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገያል፣ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሜሞሪ ይበላል። በአቶሚኮች የሠሩትን ቁልፍ ይረዳል፤ ብቻቸውን የቆሙ አጥሮችን ግን አይረዳም፣ እዚያ የሐሰት ክስ ሊያመጣ ይችላል። በአዳዲስ ሊኑክሶች ላይ ገና ሲነሣ ያልተጠበቀ የሜሞሪ አቀማመጥ አለ ብሎ ከወደቀ የከርነሉን የኤምማፕ ራንደም ቢት ወደ 28 ዝቅ ያድርጉ።

ሳኒታይዘሩ የሚፈርደው በሮጠው ላይ ብቻ ስለሆነ ማስጨነቁ የእርስዎ ነው። ትሬዶቹን ከኮሩ ቁጥር 2 እና 4 እጥፍ ያድርጓቸው። በታስክሴት (ፕሮግራሙን በተመረጡ ኮሮች ብቻ በሚያስሮጠው የሊኑክስ ትእዛዝ) በ1 ኮር ብቻ፣ ከዚያ በ2 ያስኪዷቸው፤ አንድ ኮር ላይ ስኬጁለሩ በማይጠብቁት ቦታ ስለሚያነሣ ሌሎች ስሕተቶች ይወጣሉ። በእያንዳንዱ አቶሚክ ሥራ መካከል በዘፈቀደ የሚያዘገይ ኮድ ለሙከራ ብቻ ያስገቡ። ከዚያም 2 ወይም 3 ትሬድ ያለው ትንሽ ሙከራ ጽፈው ሊሆኑ የሚችሉትን መፈራረቆች ለሚያስስ መርማሪ ይስጡ፤ ለሲ ጄንኤምሲ፣ ለሲ ፕላስ ፕላስ ሬላሲ፣ ለረስት ሉም አሉ። ለቁልፉና ለኮንዲሽን ቫሪያብሉ ይህን ማለፍ ከሳምንታት ሩጫ የበለጠ ያሳምነናል።

ሲሰቀል አይግደሉት። በጂዲቢ (የስሕተት ማፈላለጊያው) ገብተው የሁሉንም ትሬድ የጥሪ ሰንሰለት ያውጡ፣ ከዚያ የቁልፉን 4 ባይት ያንብቡ። ቁልፉ 0 ሆኖ የተኛ ካለ መቀስቀስ ባክኗል፤ ፕራይቬት ምልክቱንና የዌኩን አድራሻ ይመልከቱ። 1 ሆኖ የተኛ ካለ ከእንቅልፍ የነቃው በ1 ይዞታል። 2 ሆኖ ከተኙት ሌላ በቁልፉ ውስጥ የሚሠራ ማንም ከሌለ የያዘው ሳይለቅ ወጥቷል፤ ኤክሴፕሽን የሚያልፍባቸውን መንገዶች ይፈልጉ። ሁለት ቁልፎች 2 ሆነው እያንዳንዱ ባለቤት የሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ የአያያዙ ቅደም ተከተል ተጣርሷል። ለምርመራ ግንባታ ብቻ የባለቤቱን የትሬድ ቁጥር ከቁልፉ ጎን ያስቀምጡ፤ ነገር ግን ይህን ቁጥር የሚያጠፉት 0 ከማስገባትዎ በፊት ይሁን። 0 ካስገቡባት ቅጽበት ጀምሮ ሌላ ትሬድ ቁልፉን ይዞ፣ ለቆ፣ ቁልፉ ያለበትን ነገር ሜሞሪ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዌክ አድራሻውን ብቻ ስለሚጠቀም ቢበዛ ሌላ ሰው በከንቱ ይቀሰቅሳል፤ በዚያ አድራሻ ላይ መጻፍ ግን የሌላ ሰው ሜሞሪ ያበላሻል።